ሬዲዮኑ የለበሰው ቀሚስ

የልጅ ልጄ ሰሚራ ባለፈው ሳምንት ሞባይል ገዝታ መጣች። ያገለገለ ነው፤ ባትሪውንና መስታወቱን ቀይረውለት እንደ አዲስ ሆኗል። «ግማሽ ዋጋውን ነው ያወጣሁት እማማ፤ በተረፈው...» ብላ ስትጀምር ብድግ ብዬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። ያቺን «በተረፈው» የምትል ቃል ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ አይወዳትም።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አባቴ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና እርድ ይሸጥ ነበር። ማታ ከሱ ቀድሞ ሽታው ይገባል፤ እናቴ እያስነጠሳት ነበር በር የምትከፍትለት። አስናቀች የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቤታቸው ከከተማው ግንብ፣ ከሸዋ በር ውጭ ነው፣ አባቷ የመንግሥት ጸሐፊ። እናቷ በርበሬ ልትገዛ ስትመጣ ተከትላ ትመጣና በከሰል ፊደል የቤታችን ግድግዳ ላይ ትጽፍልኛለች። እናቴ ደግሞ ኖራዋን ይዛ እየተቆጣች ታጠፋዋለች። እኔ ግን የጠፋውም ይታየኝ ነበር። ትምህርት ቤት አስገቡኝ ብዬ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ፣ በመጨረሻ አባቴ እሺ አለ።

እሱም የራሱ ምኞት ነበረው። የሰፈሩ ወንዶች ከካይሮ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ቁርአን የሚሰሙት ጎረቤታችን አው አብዲ ቤት ነበር፤ አባቴ በሰው ቤት መደብ ጫፍ ላይ መቀመጥ አንገሸገሸው። አዲስ ሬዲዮ አይቀመስም። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ግሪካዊ ነጋዴ የቤቱን ዕቃ ሲሸጥ ሄዶ አሮጌ ሬዲዮ በኩሊ አሸክሞ መጣ። ወንዶች የሚቀመጡበት ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጠውና እኔን ጠራኝ። «አዲስ ብገዛ ኖሮ አንቺ ቤት ትቀሪ ነበር። ይሄ ያገለገለ ነው፣ ረከሰልኝ። በተረፈው ትማሪያለሽ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። በነጋታው የትምህርት ቤት ቀሚስ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ ገዛልኝ። መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ላሉት ልብስ ሰፊዎች እስክንሰጠው እየጠበቅሁ ተንተርሼው ነበር የምተኛው። የአዲስ ጨርቅ ሽታ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሬዲዮኑ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው፤ የጀርባ ክዳኑ ጠፍቷል። ሲከፈት መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ አረንጓዴ ዓይኑ ይበራል፣ ከዚያ ሰው ይናገራል። ጎረቤት ሁሉ «ማሻአላህ» እያለ ገባ። ምን ያደርጋል፣ ሳምንት ሳይሞላው ጭጭ አለ። ሸዋ በር ያለው ጠጋኝ ከውስጡ አምፖሎች አንዱ ተቃጥሏል አለ። የስፌቱና የደብተሩ ገንዘብ እዚያ ቀረ። «ከርሞ ትገቢያለሽ፣ ከርሞ ሩቅ አይደለም» አለኝ አባቴ።

አው አብዲ ነገር አያልፈውም። «አቦ! የፈረንጅ ሬሳ ነው እንዴ ያሸከምከው?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀበት። አባቴ በጣም አፈረ፤ ሬዲዮኑ ተጠግኖ ሲመለስ የአው አብዲ ዓይን ነው የበላው ብሎ ደመደመ። እኛ ዘንድ ሰው አፉን ከፍቶ የሚያየው ነገር ይሸፈናል፤ አራስ ልጅም፣ ሙሽራም፣ ወተትም። «ሸፍኑት!» አለ። እናቴ ሣጥን ከፍታ የሚመጥን ጨርቅ ብትፈልግ ያው የኔ ነበር። ጫፉን ሸንሽና፣ ለመዘውሮቹ ቀዳዳ አውጥታ፣ ክፍት ጀርባውን ሳይቀር አለበሰችው። «ከርሞ ሌላ ይገዛልሻል ልጄ» አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

በማግሥቱ አስናቀች የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሬዲዮኑን አየችና፣ «ውይ፣ ሬዲዮናችሁ ትምህርት ቤት ገባ እንዴ?» ብላ ተንከተከተች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ረመዳን ገባ። ከማፍጠሪያ ጀምሮ ቤታችን በእንግዳ ይሞላል፤ በእንግዳ ፊት ሬዲዮ መዝጋት ተነሱ እንደማለት ነውና አይዘጋም። አንድ ማታ በሳምቡሳው ሽታ መሃል የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተን። ሬዲዮኑ አንዴ አንኮራፋና ሞተ። በማግሥቱ አባቴ ሽፋኑን እንኳ ሳያወልቅ አሸክሞ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። ጠጋኙ ገና ሲያየው ጭንቅላቱን ያዘ።

«ይሄን ማነው ያለበሰው?»

«ከዓይን ልጠብቀው ብዬ እኮ ነው» አለ አባቴ።

«ወላሂ፣ ዓይን አልነካውም። እሳት ያለበትን ነገር እንዴት ትሸፍነዋለህ? ጨርቁ ነው ያፈነው!»

አባቴ ጨርቁን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ሬዲዮኑን ሥራልኝ አለው። እኔን ቁልቁል አላየኝም። የከርሞዬም ገንዘብ ለጥገናው ሄደ፤ ከርሞም እንዲሁ አለፈ። ቀጥሎ እናቴ ወለደች፣ ልጅ ያዢ ተባልኩ። ቀጥሎ ተዳርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ራሴ ልጆች ወልጄ፣ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ነው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አላህ ይዘንለት። እስኪሞት ድረስ በርካሽ ገዛሁ እንዳለ ነው። ግን ሬዲዮኑን አስቀደመ፣ እኔን ለተረፈው አደረገኝ። ሳይተርፍ ሲቀር የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሰሚራ ደንግጣ ግቢ ድረስ ተከትላኝ መጣች። «ምን ሆኑ እማማ? በተረፈው ገዛሁት ልልዎት እኮ ነበር፤ ከኮሌጅ ምዝገባዬ በተረፈው።»

«ልትከፍዪ ነው ወይስ ከፈልሽ?» አልኳት።

«ከፍያለሁ፤ እንዲያውም ስልኩን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

ግንባሯን ስሜ መረቅኋት። አፌ ይመርቃል። የተሰማኝን ደስታ ነው እንዳልል ግን ይመራል። ለካ ትምህርቱን አስቀድሞ ስልኩን ለተረፈው ማድረግም ይቻል ኖሯል! ይህን ያህል ቀላል ነበር?

ከቦርሳዋ የስልክ ልባስ አውጥታ ልታለብሰው ስትል እጇን ያዝኩ። ልባሱ ሰማያዊ ነው።

«ተዪው ልጄ» አልኳት፣ «ራቁቱን ይሁን።»