ነጭ ጠርዝ ያለው ባና

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት በማኅበራዊ ሚዲያ ሁለት ገጽ ነበረኝ። አንዱን በእውነተኛ ስሜ ከፍቼ የኬሚስትሪ ማስታወሻና የፈተና ጥያቄ ብቻ እለጥፍበታለሁ። ሌላው በውሸት ስም ነው። እዚያ ላይ ሞላሌ መናኸሪያ አንዴ አይቶኝ ስላለፈ ሰው፣ ብቻዬን ስለምበላው ራት፣ ስለ ናፍቆት እጽፋለሁ። በእኛ አገር ያላገባች መምህርት እንዲህ ጻፈች ከተባለ የወላጆች ሰላምታ እንኳ ይለወጣል። ስለዚህ ፊቴንም፣ ድምፄንም፣ የትምህርት ቤቱንም ስም ደበቅሁ።

ከብርድ የምደርበውን የሱፍ ባና ግን ረሳሁት።

ደብተሬንና የሻይ ብርጭቆዬን ፎቶ ሳነሳ ከሥር የተነጠፈው እሱ ነበር። እናቴ የፈተለችው የጥቁር በግ ጸጉር ለመጨረሻው ስንዝር አልበቃ ብሎ ሸማኔው በነጭ ጨርሶታል። መንዝ ውስጥ ሰው ከሩቅ የሚለየው በባናው ነው። የእኔን ባና ግን ከተማው የሚያውቀው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። አብራኝ የምትኖረው የእንግሊዝኛ መምህርት ያደገችው መርሐቤቴ ቆላ ስለሆነ ብርዱን አልቻለችውም፤ ከመጣች ጀምሮ አውሻት ገበያውንም ቤተ ክርስቲያኑንም በእሱ ትዞራለች።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የባዮሎጂው መምህር ከስልኩ ላይ የእኔን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ። ፎቶውንም አሳየ። ባናውን አውቀው ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ መምህርቷ ዞሩ። እሷ ሳቀች እንጂ አልካደችም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ፈተና አርም ነበር። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ የአንድን ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሁለት ጊዜ ሰርዤ ተገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው በየእረፍቱ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረ። የእኔን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞ ለእሷ መልሶ ይነግራታል። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ አስጠርተው፣ መምህር የምትጽፈውን መመዘን አለባት ብለው መከሯት። እሺ ብላ ወጣች። በተግሣጹ እንኳ ቀናሁ። በእኔ ቃል የተቆጡት እሷን ነዋ።

ቅዳሜ ልብስ ስናጥብ አልቻልኩም። ያ ገጽ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ሳሙናውን አስቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ጫፉ የተሸረፈው ብርጭቆ የእኛ አይደል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? እሷ ናት ልበላቸው? እኔን ቢያሙኝ ረስቼው እተኛለሁ፤ አንቺ ግን በዚያው ትታመሚያለሽ።» ሳሙናውን መልሳ አንስታ ደግሞ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም ብሎኛል። እስከ ዛሬ እኔን ጸሐፊ ናት ያለኝ ሰው አልነበረም። ከፈለግሽ ሰኞ እናገራለሁ።»

ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ እጠላት ነበር። እንዳትናገሪ አልኳት። ባናዬን ብቻ እንድትመልስልኝ ጠየቅኋት።

ሰኞ ጠዋት ባናዬን ደርቤ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰለፍኩ። እሷ በስስ ሹራብ አጠገቤ ትንቀጠቀጣለች። የባዮሎጂው መምህር መጣና እኔን አልፎ እሷን፣ «ባናሽን አዋስሻት እንዴ?» አላት።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔን ትጠብቃለች። አዎ ብል ሁሉ ነገር እንደነበረ ይቀጥላል፤ ስሜ አይነሳም፣ ሰላምታም አይለወጥብኝም።

«የእኔ ነው» አልኩ። «እናቴ ናት የፈተለችው።»

ሰውየው ነጩን ጠርዝ ተመለከተ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ፊቴ አነሳ። በቃሉ የያዘው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሲመጣበት ታየኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

እሷ ሹራቧን ወደ አንገቷ ሳብ አድርጋ፣ «እንግዲህ ለእኔም ሸማኔ ፈልጉልኝ፤ ታዋቂነቱ መቅረቱም ብርዱም በአንድ ቀን ሊገድሉኝ ነው» አለች።

እሱም ሳቀ። በእኔ ሳይሆን በራሷ ቃል ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።