ከሰባት እስከ ዘጠኝ

የቤተ ክርስቲያኑን ጸሐፊ ምእመናኑ «መቀርቀሪያ» ይሏታል። ሰምታለች፤ ግድም አልሰጣት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቄሱን የቀጠሮ መዝገብ የያዘች ሴት በቅጽል ስም አትደነግጥም።

የበዓል ሰሞን ሲመጣ ያ መዝገብ መፈናፈኛ ያጣል። ቄሱ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባቸውም፤ የጠራቸው ሁሉ ጋ ይሄዳሉ። አምና በዚሁ ሰሞን አንድ ቤት ሲባርኩ፣ እጃቸው እንደተዘረጋ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሐኪሙ ልባቸው መድከሙን ተናግሮ፣ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ካልተኙ የሚቀጥለውን በዓል እንደማያዩት አስጠነቀቀ። ያስጠነቀቀው እሷን ነው፤ እሳቸውማ «እሺ» ብለው እንደሚረሱት ገና ሲያያቸው ገብቶታል።

እሷም መላ ዘየደች። በዚህ ቤተ ክርስቲያን የትኛውም ቀጠሮ ይሸጋሸጋል፤ ቀብርንና የሕመምተኛ ጥየቃን ግን ማንም አይነካም። ስለዚህ በሰሞኑ ቀናት ሁሉ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ «ሕመምተኛ» ብላ ጻፈች። በዚያ ሰዓት ቄሱን ከቢሮው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አስተኝታ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ስድስት ቀን ያለ ኮሽታ አለፈ።

በሰባተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከተፍ አለ። ጣሪያውን ያሠራው እሱ ነውና፣ ቄሱንም ከቆርቆሮው ጋር የገዛቸው ይመስለዋል። አዲሱ መጋዘኑ እንዲባረክለት ፈልጎ ነበር። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ይሄ በየቀኑ የሚጠየቀው ሕመምተኛ ማነው?»

«ቄሱ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«ቀልድ ቢሆን ደስ ባለኝ። ተኝተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ።»

«እንግዶቼ ቆመው እየጠበቁ ነው እኮ። የአሥር ደቂቃ ነገር ነው።»

«አምናም የወደቁት ለአሥር ደቂቃ ተብለው ሄደው ነው። ለእንግዶችዎ ወንበር ይስጧቸው።»

የጠባቧ ክፍል በር ተከፈተ። ቄሱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፀጉራቸው ተንጨባሮ ብቅ አሉ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ግድ የለም ልጄ፣ ደርሼ ልምጣ» አሉ።

ንዴቷ የገነፈለው ይሄኔ ነው፤ ከሰብሳቢው ይልቅ በእሳቸው ተቃጠለች። ጫማውን ከእጃቸው ተቀበለቻቸው።

«አባቴ፣ አገር ላለው ሁሉ እሺ ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ ለእኔ እሺ ይበሉኝ። ይግቡና ይተኙ።»

ቄሱ እንደተቆጡት ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ሰብሳቢው መዝገቡን ዘጋው።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ ቢሮ እንዳላይሽ» አላት።

ሌላ ሥራ የላትም፤ በዚህ ዕድሜዋ ማን እንደሚቀጥራትም አታውቅም።

«እሺ ጋሼ፣ ነገ አልመጣም። ዛሬ ግን ሥራ ላይ ነኝ።»

ወንበሯን በሩ ላይ አስጠግታ፣ የቄሱን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ገና ሰባት ከሩብ ነበር።