ሆዷ የተዳበሰ በግ

ዱሮ በግ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጨብጠው ላቷን ነበር። አሁን ሆዷን ነው የሚዳብሰው።

ይህ የመጣው ከቤታችን በታች ያለው ገደል የከተማው ቆሻሻ መድፊያ ከሆነ ወዲህ ነው። የውኃ ፕላስቲኩን የሚለቅሙት አሉ፤ በኪሎ ይሸጣል። ፌስታል ግን ገዢ ስለሌለው እዚያው ይቀርና ነፋስ እያነሳ ግጦሹ ላይ ይበትነዋል። ጨው የተቋጠረበትን ደግሞ በጎቹ አይምሩትም።

ልጄ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የምትማረው በበጎቼ ነው። አሁን የቀረችኝ አንዲት ናት፤ እሷም ማመስኳት ትታለች። ልጄ ኪራዩ ካልተከፈለ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብላኛለች። የጎረቤቴ ልጅ ከዚያ የተመለሰችው በሬሳ ሣጥን ነው።

በጓን ዘመሮ ገበያ አወጣኋት። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ግራ ጎኗን ጫን አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ምን ስትበላ ከረመች?»

«ሣር ነው አባቴ።»

«ሣርማ እንዲህ አይጠጥርም። ይቺ ሱቅ ነው የዋጠችው።»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጠጋ ብሎ ዋጋ የጠየቀኝ የለም።

በጓን እየጎተትኩ ስመለስ መንገድ ላይ ስልኬ ጠራ።

«እማ፣ ተሸጠች?»

ለመዋሸት ፈልጌ «የዛሬው ገበያ...» ብዬ ጀመርኩ።

«በቃ ገባኝ። አንቺ አትጨነቂ፣ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሳም። በጓም ከደጄ ቆማለች፤ አፏ አይንቀሳቀስም።