ጀላቢያ የለበሰው ተሳፋሪ

ሰውየው ሚኒባሱ ከሶባ ሰፈር ከተነሳ ጀምሮ ዓይኑን ከጓደኛዋ ከገሊላ ጋር ከተቀመጠችው ከልደት ቦርሳ ላይ አልነቀለም። በዚያ ሙቀት ነጭ ጀላቢያው እንኳ አልተጨማደደም። ቦርሳው ውስጥ ባንዲራ አለ፤ ዛሬ ኢትዮጵያ ኦምዱርማን ላይ ከሱዳን ጋር ትጫወታለች።

«ደህንነት ነው፤ ፊቱ ራሱ ያስታውቃል። አሁን ኢቃማችሁን፣ መኖሪያ ፈቃዳችሁን አምጡ ይለናል» አለቻት ልደት ለገሊላ፣ ሱዳናዊ አማርኛ ምን ያውቃል ብላ ድምጿን ሳትቀንስ።

ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የገሊላ ግንባር ከፊቷ ካለው ብረት ጋር ተላተመ።

«እኔን!» አለ ሰውየው፣ ልክ እንደ አገር ቤት እናት።

ወዲያው ደነገጠና «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለ በዓረብኛው አይዞሽ ሊሸፍነው ሞከረ። ሴቶቹ ክው አሉ። እሱ ጣቱን አጩሆ ሚኒባሱን አስቆመና ወርዶ፣ መንገድ ዳር ከሚጓዙት የሱዳን ደጋፊዎች ጋር ሊቀላቀል ሲል አንዴ ዞር አለ።

አሁንም ቦርሳውን ነው የሚያየው። ልደት ዓይኑን ተከትላ ጎንበስ ብትል፣ በተከፈተው ዚፕ በኩል የባንዲራው ጫፍ ወጥቶ አገኘችው።