የአምስት ወር ጉንፋን

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን «በዚያች ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። እኔ ከወረታ የወጣሁት በቀትር፣ በገበያ ቀን፣ የሰውና የባጃጅ ጩኸት ጆሮ በሚበጥስበት ሰዓት ነው። ሌሊትማ ማን ይንቀሳቀሳል? በእኛ አገር በአሁኑ ጊዜ ከመሸ በኋላ ደፍሮ የሚወጣው ጅብና ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል በእግሩ መጥቶ፣ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ እስኪሞላ መገንጠያው ላይ አብሮኝ ቆመ። ስለ ከብት አወራን። የትኛዋ ላም እንደምትወልድ፣ የትኛው ወይፈን ለቀንበር እንደደረሰ። ስለ መሄዴ አንድም ቃል አልተነፈስንም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «አፍህን ጠብቅ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ራስህን ጠብቅ ይል ነበር። ወንድሜ ግን የቱ እንደሚያስቸግረኝ ያውቃል።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚለያዩበት አጠገብ ባለ ሁለት ወንበር ቤት ነበረችኝ። ወሬ ከሦስት አቅጣጫ ይገባልኛል። ሾፌሮች ፂማቸውን እየተላጩ የሰሙትን ይነግሩኛል፣ እኔ ደግሞ ቀጣዩ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ሁሉንም እዘረግፍለታለሁ። ካላወራሁ እጄ አይታዘዝልኝም። አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ታምሜ ዝም ብዬ ስሠራ የአንዱን የመንግሥት ሠራተኛ ጆሮ ጫፍ ቀነጠስሁበት። እማየ «ይህ ልጅ ሲወለድ አላለቀሰም፣ እያወራ ነው የወጣው» ትላለች።

ኢንተርኔት የተቋረጠ ሰሞን ሕዝቡ ወሬ ጠማው። ፀጉሩን ትናንት የተቆረጠ ሰው ሳይቀር ዛሬም ይመጣል። አንድ ቀን ተራ የሚጠብቅ መምህር «ኔትወርክ መቼ ይሆን የሚለቁልን?» ሲል፣ «ኔትወርኩ እኔ ነኝ፣ ተቀመጥ» አልሁት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት አንዱ ግን ወሬውን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ መጥተው ወሰዱኝ። የጠየቀኝ ሰው ወጣት ነው። ክፉ አልነበረም፣ እንዲያውም ውሃ አስመጣልኝ።

«የማን ኔትወርክ ነህ?» አለኝ።

«ቀልድ ነው ጌታየ።»

«ቀልዱን የሰጠህ ማነው?»

 አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይችን ጥያቄ እየገለባበጠ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ምስጋናው ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። በፈለጉኝ ጊዜ ሊያቀርበኝ ፈረመ። ወጥቼ ሳምንት ሳልቆይ ደግሞ ጫካ ካለው ከዚያኛው ወገን መልእክት ደረሰኝ። «አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን ስትነግራቸው ቆየህ?» የሚል ነው። እነዚያ ብዙ ያውቃል ብለው ጠረጠሩኝ፣ እነዚህ ብዙ ተናግሯል ብለው። ሂድ ያለኝ ምስጋናው ነው። ዋስትናውስ ስለው «እኔን ሩዝ መሃል ማን ይፈልገኛል» አለኝ። አመንሁት። ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንሁት።

መንገዱን አላረዝመውም፣ የሄደበት ያውቀዋል። አዲስ አበባ ደረስሁ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ ከዚያ ሞያሌ። ድንበሩን በእግር ተሻገርሁ፣ ኬንያን የበቆሎ ጆንያ ላይ ተኝቼ አቋረጥሁ። በየኬላው መታወቂያዬን የሚያገላብጥ ሁሉ «ሥራህ?» ይለኛል። ፀጉር አስተካካይ ነኝ ስል እጄን ገልብጦ ያየኛል፣ ጠመንጃ የያዘና መቀስ የያዘ እጅ የሚለይ ይመስል። ወንድሜ የመከረኝን ይዤ ካምፓላ እስክገባ አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ አላውቅም።

ካምፓላ ላይ በስደተኛነት ለመመዝገብ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ከሰዓት ደረሰኝ። ለምን ተሰደድህ አሉኝ። የታመቀው ወሬዬ ሁሉ ወጣ። ስለ መገንጠያው፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ኔትወርኩ ቀልድ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ጠያቂዬ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። አስተርጓሚው ሥራው ያታከተው ሰው ነበር፤ ያን ሁሉ በአንዲት አረፍተ ነገር አሳጠረው። ሴትየዋ አንገቷን ነቅንቃ ጻፈች። ወረቀቱን እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ባሳየው፣ ሥራ በሚለው ቦታ ላይ የቴሌኮሙኒኬሽን ባለሙያ ይላል። ተመልሼ ይስተካከልልኝ ስል፣ ለማስተካከል እንደ አዲስ መሰለፍ አለብህ ተባልሁ። ዞሬ ሰልፉን አየሁት። ቴሌኮሙኒኬሽን ሆኜ ቀረሁ።

ያከራየችኝ ሴት ማማ ናካቶ ትባላለች። በአካልም በዕድሜም ትልቅ ሰው ናት፣ ድምጿ የደብር ደወል ነው። ወረቀቴን አይታ ቤቱን ሰጠችኝ፣ በሦስተኛው ቀን የቴሌቪዥኗን ዲኮደር ታቅፋ መጣች። በሁለታችንም ሰባራ እንግሊዝኛ ተነጋገርን።

«አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ሥራልኝ።»

«አይደለሁም፣ ፀጉር ቆራጭ ነኝ።»

«ታዲያ መንግሥት ይዋሻል?»

አገሬ ሳለሁ ቢሆን ለዚች ጥያቄ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መልስ ነበረኝ። አሁን ግን ዲኮደሩን ተቀብዬ ነቀልሁት፣ መልሼ ሰካሁት። ሠራ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የተበላሸ ስልክና ሬዲዮ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ነቅዬ እሰካለሁ። የሚሠራው ይሠራል፣ የማይሠራውን የአገራችሁ መብራት ነው ያበላሸው እላለሁ።

ኑሮው ይህን ይመስላል። ምግባቸው ማቶኬ ነው። ያልበሰለ ሙዝ በኮባ ጠቅልለው ያበስሉታል፣ ጨው የሚባል ነገር አይነካውም። ሩዝም ሞልቷል፣ ከባቄላ ወጥ ጋር ነው። እኛ ፎገሮች ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለን አስፈጭተን እንጀራ እንጋግረዋለን ብዬ ለማማ ናካቶ ብነግራት፣ ሩዝ ምን በደላችሁ አለችኝ። ዝናባቸው ክረምት አያውቅም። ድንገት ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ፀሐይዋ ተመልሳ ትወጣለች። የእኛዎቹ ወንዞች ርብና ጉማራ ግን ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ አድርገው፣ ሰውን ሁለት ወር ከጭቃ ጋር ያጋቡታል። ያን ጭቃ ስረግመው ነው ያደግሁት። አሁን ዝናቡ ቶሎ ሲያባራ ቅር ይለኛል።

ሥራ ያገኘሁት አንድ የአገሬው ሰው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ሉጋንዳ አላውቅም፣ ዝም ካልሁ ደግሞ የሰው ጆሮ እቆርጣለሁ። ስለዚህ በአማርኛ አወራላቸው ጀመር። ስለ ወረታ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ በስልኬ ስላነበብሁት የዓለም ዜና ሁሉ። አንዳንዱ ደንበኛ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዱ ግን አሠሪዬን ለብቻ ጠርቶ «ሰውየው ይደግምብኛል» ብሎ ከሰሰኝ። አሠሪዬ ምን እንደምል ጠየቀኝ፣ ዜና ነው አልሁት። የየት አገር ዜና ሲለኝ የእኔን አልሁት። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለህ አውራ ብሎ ተወኝ።

ዜና ስል ግን የማውቀው የሌላውን ነው። የትኛው አገር መሪ እንደወረደ፣ የትኛው ውቅያኖስ ላይ መርከብ እንደሰጠመ አውቃለሁ። ቁሐር ሚካኤል ምን እንዳለ አላውቅም። እሑድ እሑድ በእህቴ በይታይሽ ስልክ እደውላለሁ። እማየ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ከብቶቹስ? ደህና። ጎረቤቱስ? ደህና። አገሩስ? እሱን ተወው። በስልክ ወሬ አይወራም፣ ማን እንደሚሰማ አይታወቅማ። ምስጋናው ስልኩን ሲቀበል በላህ ወይ ብሎ ይጠይቀኝና ስለ ዋስትናው ሳነሳበት «ጠርተውኝ ነበር፣ ነገርኋቸው» ይላል። ምን እንደነገራቸው አይነግረኝም።

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ላይ ስደውል ምስጋናው አልነበረም። እርሻ ላይ ነው አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከብት ሊያጠጣ ወርዷል አሉኝ። በሦስተኛው ካላገናኛችሁኝ አልዘጋም ብዬ ስሟገት የይታይሽ ባል ተቀበለና «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል» አለኝ። ነጭ ሽንኩርት በማር ያድርግ አልሁ። ነሐሴም ጉንፋን፣ መስከረምም ጉንፋን። እንኳን አደረሰህ በሉልኝ አልኋቸው፣ እንላለን አሉኝ።

ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ያገራችን ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ የምንበላበት ቤት አለ። እዚያ ይህን ቀልድ አድርጌው ነበር። «ወንድሜ በዓለም ረጅሙን ጉንፋን ይዞ መዝገብ ሊገባ ነው» እላለሁ፣ ይስቃሉ። ከሁሉም በላይ የሚስቁት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፣ ከደብረ ታቦር የመጡ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። በጥቅምት ግን ያንኑ ቀልድ ሳወራ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ትሪው አቀረቀረ። ጋሽ ታደሰ አስተናጋጁን ጠርተው ውሃው ሳያልቅ ሌላ ጨምር አሉት። እኔ ቀልዴ ያረጀ መሰለኝ። ቀልድም ይሰለቻል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ወጣሁ።

አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ወረታ ሳለሁ መርዶ ሲኖር ሽማግሌዎቹ አፍ አለው ብለው እኔን ያስከትሉኝ ነበር። ሐዘንተኛው ከመንገድ የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ እህል እንደሚቀምስ፣ ጎህ ሳይቀድ በሩ እንደሚንኳኳ፣ ብዙ ሆኖ እንደሚኬድ፣ ስንቱን አድርጌዋለሁ። የራሴን ማሽተት ግን አልቻልሁም። ወይም አልፈለግሁም።

በኅዳር አንድ እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ከፈትሁ። ስድስት ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው እስከ አራት ሰዓት ተኝቶ የሚያረፍድ እንኳ አለ። ጋሽ ታደሰ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሰዋል። ምነው በጠዋት ልል አፌን ከፍቼ ተውሁት።

ገብተው ቆሙ። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አየህ አዳነ፣ ሰው ሆኖ መቼም…» አሉና ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ያው ቦታ ላይ ቆሙ። ላብ አጠመቃቸው። አሳዘኑኝ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ።

«ይቀመጡ ጋሽ ታደሰ» አልሁ። «ምስጋናው ነው?»

«ነው።»

«መቼ?»

«በሰኔ።»

በሰኔ። እኔ ሐምሌን ነጭ ሽንኩርት ሳዝለት ከርሜያለሁ። የሞተን ሰው እንኳን አደረሰህ ብያለሁ። ያን ሁሉ ሰው አስቄበታለሁ። ይታይሽ ስልካቸውን አፈላልጋ ለጋሽ ታደሰ ደውላ የነገረቻቸው በጥቅምት ነው። ሦስት ሳምንት ተሸክመውታል።

መሬት ላይ ወደቅሁ። ጩኸቴን ሰምታ ማማ ናካቶ ጠብ መስሏት ዱላ ይዛ መጣች። አንዱ ነገራት። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ያን ሁሉ አካሏን ይዛ ወለሉ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። «ኪታሎ» አለችኝ፣ «ኪታሎ ንዮ»። ቃሉን አላውቀውም ነበር። እነሱ ሰው ሲሞትባቸው የሚባባሉት ነው። ከየጎረቤቱ የፕላስቲክ ወንበር ለምና ያመጣችውም እሷ ናት። ሦስቱን የሐዘን ቀን ዲኮደሯ ተበላሽቶ እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው።

በአራተኛው ቀን እማየን ደወልሁላት። እሷ አልቅሳ ጨርሳለች፣ የእኔ ገና መጀመሩ ነው። እያለቀስሁ እሷ አባበለችኝ። ከዚያ በስልክ ወሬ አይወራም ያለችው እናቴ ሁሉንም ነገረችኝ።

ምስጋናው በሬ እየነዳ ወደ ይፋግ ገበያ ወጣ። መንገድ ላይ ተኩስ ተነሳ። ጥይቱ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ዛሬም የሚያውቅ የለም። እነሱ ቤት ሆነው ተኩሱን ሰምተዋል፣ እሱ ግን አልፎት ሄዷል ብለው ነበር። ወደ ማታ ላይ በሬው ገመዱን እየጎተተ ብቻውን ግቢ ገባ።

«በሰኔ ለምን በሬ ሊሸጥ ሄደ እማየ?» አልኋት።

ፎገራ ላይ በሰኔ የሚያርስበትን በሬ የሚሸጥ ገበሬ የለም። ከእርሻው የባሰ ነገር ካልመጣበት በቀር። ለእኔ የፈረመው ነገር ይሆን? አንዱ ወገን ወይ ሌላው፣ አምጣው ወይ ክፈል ብሎት ይሆን?

«ሩዙ ደርሷል» አለችኝ። «አጎንብሷል፣ ወፍ እየጨረሰው ነው። እኔና ይታይሽ ማጨድ ጀምረናል።»

«እማየ፣ በእኔ ነው?»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። ሰከንዱ ይቆጥራል። መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ከኋላዋ ማጭድ አገዳ ሲቆርጥ ይሰማኛል፣ ይታይሽ ትሆናለች።

«እማየ» አልሁ።

«አለሁ» አለች።

ደግሜ አልጠየቅኋትም።  ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም፤ ማጭዱን እያዳመጥሁ ቆየሁ።