ለሌሊት ወፎች ዋስ የሆንኩ ጊዜ

አንድ ቤት አልበረክትም፤ ዛሬ ሰቆጣ ከሆንኩ ነገ ደሃና ነኝ። በዚያ ሰሞን የዞርኩት ግን ከልጅ ልጄ ጋር ነበር። ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል ውስጥ ትማር ነበር፤ የምታጠናውም የሌሊት ወፍ ነበር። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሌሊት ወፎቹ ጣሪያው ስንጥቅ ውስጥ ይሰፍሩ ነበር።

የደብሩ አለቃ የሌሊት ወፍ መያዣ መረቧን አይተው፣ ደጀ ሰላም የተጠጋ ነፍስ አይገደልም አሉ። ለክቼ እለቃለሁ ብትል ቃሏ አልበቃቸውም፤ ዋስ አምጪ አሏት። እኔ ቆምኩ። አንዲትም አትሞትም አልኩ። እኩያዬ ናቸውና ሳቅ አሉ፦ «ለሰው ዋስ መሆኑ አልበቃሽ ብሎ ደግሞ ለሌሊት ወፍ?»

አመሻሽ ላይ ከቅጽሩ ውጭ መረቡን ዘረጋች፤ ባትሪ ያዝኩላት። የተያዘውን በጨርቅ ከረጢት ትመዝናለች፣ የክንዱን አጥንት ትለካለች፣ ጥርሱን በአጉሊ መነጽር ታያለች፣ ከክንፉ ቆዳ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ለምርመራ ወስዳ ትለቀዋለች። ቢነክሳት እንኳ ሥራዋን አታቋርጥም።

አንዲቷ ላይ ስትደርስ ግን ደጋግማ ለካቻት። ጥርሷ ከሌሎቹ አይገጥምም፤ አዲስ ዝርያ ከሆነች ስም የማወጣላት እኔ ነኝ አለችኝ። ለዚያ ግን ተገድላ፣ ገላዋ አልኮል ውስጥ ተነክሮ መቀመጥ አለበት። አልኮሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አልተነፈስኩም። ለቀቀቻት።

ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። አስተማሪዋ ደህና ሰው ናቸው፤ ልኬቷን አመሰገኑ። ቁራጯ ቆዳም ለየት ያለች መሆኗን ትጠቁማለች አሉ፤ ነገር ግን ሌላ ተመራማሪ መጥቶ የሚያየው አካል ከሌለ አዲስ ናት ማለት አንችልም። አንዲት ለመውሰድ አለቃውን ፈቃድ ጠይቀሽ ተመለሺ አሏት።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንመለስ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፍኗል። የሌሊት ወፎቹ ኩስ የግድግዳውን ሥዕል እያበላሸ ነው ተብሎ ነው። አለቃው እንደማፈር ብለው፣ ሁሉም እስኪወጡ ጠብቀን ነው የደፈንነው፣ አንዲትም አልሞተችም አሉ። በየዋሻው ፈለግን፤ እንደዚያች ያለች አልተገኘችም።

መንገድ ላይ ጠየቅኳት። «ያኔ ቦርሳሽ ውስጥ ብትከቻት ማን ያውቅ ነበር?»

«ዋሴ እርስዎ ነበሩ፣ እማማ።»

አሁን ዲግሪዋን አግኝታ አምደወርቅ ከተማ ታስተምራለች። ወቅሳኝ አታውቅም። እኔ ግን እላለሁ፦ ያዣት፣ አለቃውን እኔ እለምናለሁ ብል ኖሮ፣ ምናልባት እሺ ይሉ ነበር። እሷ ሳትጠይቀኝ፣ እኔም ሳልናገር፣ ያቺ ፍጥረት ስም ሳይወጣላት ቀረች።