በበዓል ቀን የማትገኝ በቅሎ

አርብ ገበያ ላይ ውልና ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምኖረው፤ እንደዚያ ቀን ግን የገዛ ጽሑፌ አስቆኝ አያውቅም። አንድ ገበሬ በቅሎውን ለጎረቤቱ ሲሸጥ «ገዢው በበዓል ቀን የሻጩን እናት በበቅሎዋ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በወሩ ሁለቱም ተመልሰው መጡ።

«በዓል ሲባል ገናና ጥምቀት መስሎኝ ነበር» አለ ገዢው። «እሳቸው ግን የቄስ ልጅ ናቸው። ልደታ ይላሉ፣ አቦ ይላሉ፣ ሥላሴ ይላሉ። ግማሿን በቅሎ የገዛት ታቦት ነው።»



«እናትህ ይህን መብት ተቀብያለሁ ብለው እስካልፈረሙ ድረስ፣ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ቃሉን መሰረዝ ትችላላችሁ» አልኩት ሻጩን። ሕግ በማወቄ ኮራ ብዬ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ይኼኔ አሮጊቷ የሻጩ እናት፣ ገዢው ቤቱ አስሮ በተዋት በቅሎ ላይ ተቀምጠው ከች አሉ።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ የማን በዓል ነው?» አለ ገዢው።

«ልትሰርዙት መሆኑን ሰምቼ፣ ዛሬስ ለመፈረም ነው የመጣሁት» አሉና ከበቅሎዋ ወረዱ። «ተቀብያለሁ።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ውሉ ላይ አሳረፉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ገዢው ዘረጉ።

«በል ደግፈህ በቅሎዋ ላይ አውጣኝ፤ ነገ ሚካኤል ነው።»